የዶርዜ ቁልቁለትና ቀይዋ ጠብታ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል፤ እንሰቱና ቀርከሃው ይበዛል። ዞር ስትሉ ደግሞ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ ከታች ተንጣሎ ይታያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ከሦስት ዓመት ልጃችን ጋር በአሮጌ ኮሮላችን ወደዚያ ሄድን። ዶርዜ በባለቤቴ አጎት ቤት ሁለት ሌሊት አድረን ለመመለስ ዕቃ ስንጭን፣ ባለቤቴ ከፊት ጎማው አጠገብ ሣሩ ላይ ቀይ ጠብታ አየች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የመሪ ዘይት ነው» አልኳት።

«እንዴት ወዲያው አወቅህ?»

መልሱ ከትርፍ ጎማው ሥር የደበቅሁት ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ነበር። መሪውን ሳዞር ሞተሩ ማቃሰት ከጀመረ አራት ወር አልፎታል። የቤት ኪራይ የጨመረበት ጊዜ ስለነበር፣ እንዳላስጨንቃት ብዬ እሷ ሳታየኝ እየሞላሁ እነዳ ነበር።

«እንዳልጨነቅ ነው? ልጃችንን ታቅፌ ይህን ዳገት ስወጣ ማወቅ አልነበረብኝም?» አለች። የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ሥራ ስለነበረኝ የቀረውን ዘይት ሞልቼ መውረድ ፈለግሁ። አጎቷ ግን «ልጄ፣ ቁልቁለቱ የትም አይሄድም» ብለው አርባ ምንጭ ለሚያውቁት መካኒክ ደወሉ። መካኒኩም እንዳንነሳ ነገረን። ዘይቱ ቢያልቅ መሪው ጨርሶ እምቢ አይልም፤ ነገር ግን በተለይ በዝግታ ሲታጠፉ እጅግ ይከብዳል። ፓምፑም አየር እየሳበ ይበላሻል። የሚፈሰው ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ደግሞ እሳት ሊነሳ ይችላል።

መካኒኩን ስንጠብቅ አጎታችን ቤታቸውን አሳዩን። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የሚሸመን፣ ፊቱ የዝሆን ራስ የሚመስል ቤት ነው። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ክፍል ስለሚቆረጥ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል፤ ሆኖም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይኖራል። «ምስጥን ከጎረቤት ትደብቃለህ፤ አብሮህ ከሚተኛው ግን እንዴት ትደብቃለህ?» አሉና ሳቁ። ባለቤቴ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ደረሰ። ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉንም በጨርቅ ጠረገ፤ ከዚያም ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ግራና ቀኝ እንዳዞር አደረገኝ። ዘይቱ ይወጣ የነበረው ወደ ዘይት መያዣው ከሚመለሰው ቱቦ ጫፍ ነበር፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቱቦውንና ማሰሪያውን ቀየረ። «ከፓምፑ የሚወጣው ከፍተኛ ግፊት ያለበት ቱቦ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን መቀየር ነው፤ ፕላስተር አይችለውም» አለ። በመኪናችን መመሪያ እንደታዘዘው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሞላ። የፍሬን ዘይት ግን ጎሚኒዎቹን ስለሚያበላሽ ፈጽሞ እንዳንጨምር አስጠነቀቀን። በመጨረሻም አየሩ እንዲወጣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመን በዝግታ አዞርን፤ ጥግ ላይ ግን ይዘን አልቆየንም።

የከፈልነው ገንዘብ በአራት ወር ውስጥ በድብቅ ለዘይት ካወጣሁት ብዙም አይበልጥም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወረድን። በመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች ባለቤቴ ዝም አለች። አባያ ሐይቅ ሲገለጥ ግን «ሌላስ የደበቅኸኝ አለ?» አለችኝ። አንድ የብድር ነገር ነበር። ነገርኳት። አርባ ምንጭ እስክንደርስ ተነጋገርንበት።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ባልና ሚስት፣ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ቀይ ወይም ሮዝ ጠብታ የመሪ ወይም የካምቢዮ ዘይት፣ ጥቁር የሞተር ዘይት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ካርቶኑን የምታዩት ግን ሁለታችሁም ሁኑ። እኛ ቤት አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።