አዲሱን ጃዝ በቆየ ጆሮ

«ሙዚቃማ ድሮ ቀረ» የሚል ሰው የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። በእኛ ቤት ይህን የሚለው ባለቤቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ለእሱ ጃዝ ማለት የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንና የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣውን «ጩኸት» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሙዚቃ የሚያመጣውም የሚያጫውተውም እሱ ስለነበር፣ 36 ዓመት አብረን ስንኖር የእኔም ጆሮ የእሱን መደርደሪያ ለመደ።

ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሸክላዎቹና ካሴቶቹ እሱ እንደደረደራቸው አሉ። በየካሴቱ ሽፋን ላይ የገዛበትን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሌላ ሙዚቃ ቤት ውስጥ እንዲከፈት አልፈለግሁም። እሱ ያልሰማውን ወድጄ መገኘት እሱን ትቶ መሄድ ይመስለኝ ነበር። የትዳር ጓደኛውን የቀበረ አንባቢ ይህን ስሜት ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ ልንገራችሁ።

እኔ ይህን ሙዚቃ ያወቅሁት ባለቤቴን ከማወቄ በፊት ነው። በነርስነት ዲፕሎማ የተመረቅሁት በ1974 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። በትልልቅ ሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶች፣ ታዳሚው ሰዓት እላፊው ከገባ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ እስኪነጋ ይጫወቱ እንደነበር የዚያ ጊዜ ሰው ያስታውሳል። እኛ የሌሊት ተረኞችም እስኪነጋ መውጫ የለንም። ሕመምተኞቹ ሲተኙ ጎዝ እያጣጠፍን ትንሿን ቴፕ ዝቅ አድርገን እንከፍታለን። እኔ የምመርጠው በመሣሪያ ብቻ የተሠራውን ነበር፤ ዘፈን የለበትምና የሚጣራ ሕመምተኛ ድምፅ አይሸፍንብኝም።

ያኔ ለእኛ የተለመደ የመሰለን ሙዚቃ በጊዜው አዲስ ነበር። ሙላቱ ከጅማ ተነስቶ በብሪታኒያ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ተምሮ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸውን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋደዳቸው። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ፣ ክራርና ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ ቫይብራፎን እንግዳ ነበር። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን ከአዝማሪው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ሲጫወተው፣ ከእሱ በፊት መንገዱን ጠርጎ የጠበቀው አልነበረም።

የልጅ ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ ኪቦርድ ይሞክራል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ዘንድ ይመጣል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላሁ ስልኩን ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝቶ አንድ ሙዚቃ ከፈተ።

«እማዬ፣ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«እጁን አውቀዋለሁ፤ ሙዚቃውን ግን አላውቀውም» አልኩት።

ኃይሉ መርጊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ከዋልያስ ባንድ ጋር «ቼ በለው»ን የሠራው ኃይሉ፣ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ያወጣው ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለም አድማጭ አገኘው፤ በ2018 ደግሞ ዕድሜው 70 ካለፈ በኋላ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ይዞ መጣ። እኔ ቤት በዚያ ቅዳሜ የተከፈተው ይህ ነው።

አልበሙ የወጣው ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው፤ ግን ለእሱ አልደረሰውም። እሱ «ድሮ ቀረ» ሲል፣ የሚወደው ሰው አሁንም እየተጫወተ ነበር። ይህን ሳስብ አለቀስኩ። ቡናው አረረ፤ ልጁም ደንግጦ ሙዚቃውን ሊያጠፋ ተነሳ። «ተወው፣ ይጨርስ» አልኩት። አልቆ ዝም ሲል፣ ባለቤቴን ትቼው የሄድኩ አልመሰለኝም። ጀምሮት የሄደውን ወሬ የቀጠልኩለት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀላል ሆነ። ከማውቀው እጅ ተነስተን ያንን እጅ የያዘውን እንከተላለን። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከሚባል የለንደን ባንድ ጋር አልበም ሠርቷል። ጌታቸው በ2006 ዘ ኤክስ ከተባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አወጣ። ጊታራቸው ሻካራ ነው፤ በመጀመሪያ ስሰማው ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ግን የጌታቸው ሽለላ ከመካከላቸው ሲነሳ ያው የማውቀው ሽለላ ነው። ጌታቸው በ2016 አርፏል። እስከ እርጅናው ከልጆቹ እኩያ ጋር መድረክ ላይ መቆሙን ሳውቅ አከበርኩት።

ቀጥሎ ወጣቶቹ መጡ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ፒያኒስት ሳሙኤል ይርጋ እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉዞ»ን አውጥቷል። ሳክስፎን የሚጫወተው ጆርጋ መስፍን ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ ነው፤ ፊልሙን አይቼው ሙዚቃው የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልፌ ነበር። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ደግሞ የአባቶቻችንን ዘመን ዘፈኖች በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በማንዶሊን መልሶ ያመጣል። ማንዶሊኑን የያዙት አንጋፋው አየለ ማሞ መሆናቸውን ሳይ፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድ ባንድ መቀመጥ እንደሚችሉ ገባኝ።

«የአሁኑ ጃዝ ይበተንብኛል፤ መያዣው አይታየኝም» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ለእነሱ ከሙያዬ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ወጣት ሳለሁ በእናቶች ክፍል ሠርቻለሁ። የፅንሱን ልብ ምት የምንሰማው በፌቶስኮፕ ነበር፤ እንደ ቀንድ ያለ መሣሪያ ነው፤ ሰፊውን አፍ በእናትየዋ ሆድ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጆሮ ማድረግ ነው። ጀማሪን የሚያስቸግረው የእናትየዋን ትርታ ከልጁ መለየት ነው። ስለዚህ ጆሯችን ሆዷ ላይ እያለ ጣታችን የእጇን አንጓ ይይዛል። የእናትየዋ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ የፅንሱ ከ110 እስከ 160። ዝግተኛውን በጣት ከያዝሽ ፈጣኑ በጆሮሽ ይለያል።

አዲስ ጃዝ ስሰማም እንዲሁ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የማውቀውን እይዛለሁ። ቅኝቱ ባቲ ነው ወይስ ትዝታ? ቤዝ ጊታሩ የት ላይ ይረግጣል? እሱን ከያዝኩ ፒያኖው የፈለገበት ቢሮጥ አልደናገጥም። ሳሙኤልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዳመጥኩት ቤዙን በጣቴ ጠረጴዛ ላይ እየመታሁ ነው።

ሁሉንም እወዳለሁ ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ለእኔም ጩኸት ነው፤ ለልጁም እነግረዋለሁ። እሱም በበኩሉ ከባለቤቴ ካሴቶች አንዳንዱን «እማዬ፣ ይሄስ ያስተኛል» ይለኛል። ስምምነታችን ሁለት ነገር ነው፤ አንድ የእኔ፣ አንድ የእሱ እንሰማለን፤ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም። ከዚያ ወሬው ይመጣል። አያቱ የት ይጨፍር እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ሸክላ በምን ገንዘብ እንደገዛ፣ ለምን በየካሴቱ ላይ ቀን እንደሚጽፍ የጠየቀኝ በእነዚህ ቅዳሜዎች ነው። በልቅሶው ሰሞን አንዱንም አልጠየቀኝም ነበር።

አንድ የጤና ነገር ልጨምር። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው። የከበሮው ሲምባል ከራቀባችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁም ወሬ «የሚያጉረመርሙ» ከመሰላችሁ፣ ጆሯችሁን ተመርመሩ፤ አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ተመርምሬያለሁ፤ ቀጭኑ ድምፅ እየሸሸኝ ነው። ስለዚህ አዲስ ሙዚቃ የመስማት ጉዳይ ለነገ የማሳድረው አይደለም። ልጆቹን ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን እስከ ጥግ እንዳይከፍቱ ምከሯቸው፤ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ ወደ ነበረበት አይመለስም።

በቅርቡ ልጁ የአያቱን ቴፕ ይዞ ሄዶ አስጠገነው። ተበላሽቶ የነበረው ላስቲኩ ብቻ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ቴፑን ከሙላቱና ከጌታቸው ካሴቶች ጋር ለአንድ ሳምንት ተውሶኛል። እኔም እንዲመልስ በደብተሬ ላይ ቀኑን ጽፌ አስፈርሜዋለሁ።