የድራሙ ነገር

እንደሚታወቀው የፈተና ሰሞን ሲደርስ በየትምህርት ቤቱ ከርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ የሚፈራና የሚለመን ነገር ቢኖር የፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። እኛ እጩ መምህራንም ነገ ከነገ ወዲያ በየወረዳው ስንመደብ ከዚሁ ማሽን ጋር መጨቃጨቃችን አይቀርም። በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ስፖርትና ስለ ፍቅር ብዙ ስለሚጻፍ እኔ ደግሞ ስለ ድራም ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ከበሮ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ወደ ተቋሙ ከመግባቴ በፊት ማጀቴ ውስጥ በአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ መጀመሪያ ቅዳሜና በክረምት፣ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ሙሉ ቀን። ባለቤቷን እትዬ እላቸው ነበርና እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ባላቸው ሲሞቱባቸው ሦስት ልጆች ይዘው ቀሩ፤ ተበድረው ያገለገለ ማሽን ገዙ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ ስላልተዳረሰ፣ ከስልክ ላይ የወረደውን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ማባዛት የየከተማው ሥራ ሆኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እትዬም ያን ጊዜ ብድሩን የሚገላገሉ መስሏቸው ነበር። ምን ያደርጋል፣ የገባው ገንዘብ ሁሉ ለድራም ይወጣ ጀመር።

ለመሆኑ ድራም ምንድን ነው? የአሉሚኒየም ቱቦ ሆኖ በላዩ ብርሃን የሚሰማው ቀጭን ሽፋን የተቀባ ነው። ሽፋኑ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አርባኛ ያህል ቢሆን ነው። በልጅነታችን ማበጠሪያ ፀጉራችን ላይ ፈትገን ቁራጭ ወረቀት አንሥተንበት የለም? ነገሩ ያው ነው። ማሽኑ በጨለማ ውስጥ ድራሙን በኤሌክትሪክ ሙል ያለብሰዋል፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ሙሉን ያጣል፤ በዚህ ልዩነት የቶነሩ ዱቄት የፊደሉን ቅርጽ ይዞ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተስቦ በሙቀት ይጋገራል። ድራሙ ላይ የቀረውን ትራፊ ዱቄት ብሌድ የሚሉት የጎማ ምላጭ ይጠርገውና ለሚቀጥለው ዙር ይዘጋጃል።

ይህን የፈለሰፈው ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በፈጠራ መብት ክፍል ውስጥ ሲሠራ ሰነድ በእጅ መገልበጥ አንገፍግፎት፣ እጁንም የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ከረዳቱ ጋር በድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ ፈትጎ የመጀመሪያዋን ቅጂ አወጣ። ድኝ! እኛ ቤት ለቆዳ በሽታ የምናውቀው። ከዚያ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ዞር በል ብለውታል፤ ቀላሉና ዝነኛው የቢሮ ማሽን፣ ዜሮክስ 914 የተባለው፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

ወደ ማጀቴ ልመለስ። አንድ ድራም እንደ ማሽኑ ዓይነት ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ገጽ ድረስ መሥራት ይገባዋል። የእኛ በማሽኑ ቆጣሪ ስናየው 9 ሺህ ሳይሞላ ጥቁር መስመር ማውጣት ይጀምራል። ቴክኒሻኑ ይጠራል፤ «እትዬ፣ ድራሙ ፎርጅድ ነው» ይላል። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ በስልክ ሲጠየቅ «ዕቃዬ ንጹሕ ነው፣ አያያዛችሁ ነው» ይላል። እትዬ በሁለቱ መካከል ሆነው «እንግዲህ ልጆቼ፣ ከፋዩዋ እኔው ነኝ» ብለው ዝም ይላሉ። ሦስተኛው ድራም ሲገባ የብድሩ ወርሐዊ ክፍያ ሁለት ጊዜ አልፏቸው ነበር።

ነገሩ የጠነከረው ግን በገንዘቡ አይደለም። አንድ የሒሳብ መምህር ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የሞዴል ፈተና ሊያባዙ መጡ። ፈተና ምሥጢር ነውና እኛን ወደ ውጭ አስወጥተው ራሳቸው አነሡ፣ ራሳቸው አጥፈው ሄዱ። በሳምንቱ ወረቀቱን ይዘው እንደ ነብር ተቆጥተው ተመለሱ። 35 ብለው የጻፉት ቁጥር በቅጂው ላይ 3.5 ሆኗል። ገሚሱ ተማሪ በ3.5 ሠርቶ ከምርጫዎቹ ውስጥ መልሱን ቢፈልግ አጣው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ እዚያች ጥያቄ ላይ ሰዓቷን ጨርሳ የመጨረሻውን ገጽ ሳትነካው አስረክባለች አሉ። «እሷ ልጅ እኮ ሂሳብ ትችላለች፤ እኔ ነኝ ወይስ ማሽናችሁ ነው የጣላት?» ሲሉ እትዬ መልስ አጡ።

እኔ ያን ወረቀት ተቀብዬ አየሁት። ነጥቧ ብቻዋን አልነበረችም፤ ከእሷ በታች ሌላ፣ ከዚያም በታች ሌላ ነበረች። በማስመሪያ ስለካ አንዱ ከሌላው የሚርቀው 9.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የድራሙ የጎን ስፋት 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ በፓይ ሲባዛ 94 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ድራሙ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ነጥብ ይጥላል ማለት ነው። ስለ ክብ ዙሪያ ስንማር ለምን ይጠቅማል እያልን የምንጠይቀው ነገር እንዲህ ይጠቅማል። መስታወቱ ላይ ያለ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ በእኩል ርቀት አይደጋገምም፤ ደግሞም ከኮምፒዩተር በቀጥታ ስናትም አይታይም ነበር። ሞክረነው ታይቷል።

ሽፋኑ እንደተቦረቦረ ታወቀ፤ ግን ማን ቦረቦረው? ይህን የነገረኝ የተበላሹ ወረቀቶች የምንጥልበት ካርቶን ነው። እትዬ ለማንደጃ ብለው ያስቀመጡትን ገልብጬ፣ የሦስቱንም ድራሞች የመጨረሻ ሰሞን ቅጂ አወጣሁ። ጥቁሩ መስመር በሦስቱም ላይ ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሟል። ሦስት ፎርጅድ ድራም እንዴት አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል? ጥፋቱ ከድራሙ ጋር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ከድራሙ ጋር ይሄድ ነበር። የቀረው ማሽኑ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ቴክኒሻኑ በዚህ ጊዜ ቅር እያለውም ቢሆን ብሌዱን አወጣው። ለካስ ድራሙ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ብሌዱ «ገና ነው፣ ያገለግላል» እየተባለ የድሮው ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠርዙ ተሸርፎ የደደረ አቧራና ቶነር ነክሷል። አዲስ ድራም በገባ ቁጥር እንደ ማረሻ አንዱን ትልም ያርሰዋል።

አቧራው ከየት መጣ ለሚል፣ መልሱ ከበሩ ነው። ማሽኑ ደንበኛ እንዲያየው ተብሎ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ተደቅኗል። የመኪናው አቧራ አለ፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ የጤፉና የማሽላው ገለባ በነፋስ ይገባል። የይፋትን ቆላ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ቁጠባ መስሎት የተጠረገውን ትራፊ ቶነር፣ ዌስት የሚሉትን፣ መልሶ ይጨምረው ነበር ተባለ። ትራፊው ደግሞ የወረቀት ብናኝም አሸዋም የተቀላቀለበት ነው፤ እህል ሳያበጥሩ እንደ መፍጨት ያለ ሥራ!

ሌላም ጥቃቅን አለ። አግራፍ ያልተነቀለለት ወረቀት፣ ያልደረቀ የማጥፊያ ቀለም፣ ሲገጠም ድራሙን በጣት መንካት። ቴክኒሻኑ ለማየት እንዲመቸው ድራሙን ወደ ደጅ አውጥቶ በቀትር ፀሐይ ሲያገላብጠውም አይቻለሁ፤ በጨለማ እንዲሠራ የተሠራን ነገር! አዲስ ብሌድም ሲገባ ጠርዙ ላይ ትንሽ ዱቄት መነስነስ አለበት፤ ደረቁን ከሆነ ድራሙን ነክሶ ይገለበጣል።

ማሽኑን ወደ ጓዳው አስገባነው፣ ማታ ማታ በነጠላ ይሸፈናል፣ ዌስቱ ይደፋል፣ ብሌዱ ተለወጠ። አራተኛው ድራም ለፋሲካ ስሄድ 31 ሺህ አልፎ ቅጂው ገና ጥርት ያለ ነበር። መምህሩ ያቺን ጥያቄ ሰርዘው ውጤቱን አስተካከሉ፤ ሰዓቷ የባከነባት ልጅ ግን ያልነካችው ገጽ እንደ ባዶ ተቆጠረ። እትዬ እስከ ዛሬ ያነሷታል። ብሌዱ አብሮ ካልመጣም ለድራም ገንዘብ አይከፍሉም፤ «ሙሽራውን ያለ ሚዜ አልቀበልም» ይላሉ።

ዘንድሮ ለማስተማር ልምምድ በተላክሁበት ትምህርት ቤት ደግሞ የማባዣው ማሽን የተቀመጠው ከጠመኔው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶኖቹ ላዩ ላይ ተደርድረዋል፤ ክዳኑ በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል። ለጸሐፊዋ ብነግራት ሳቀችና «መስመር ያወጣል የሚሉት ለዚህ ነዋ!» አለች። ቦታ ለማስለወጥ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መፈረም አለባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለስብሰባ ወጥተው ነበር። ልምምዱ አልቆ ስመጣም አልተመለሱም።