ዝምተኛው ልጃችሁ በየትኛው በር ይግባ?

ልጃችሁ እንግዳ ሲመጣ እናቱ ቀሚስ ሥር የሚሸሸግ፣ ቤት ውስጥ ሲዘምር ውሎ በልጆች አገልግሎት ፊት ለፊት ሲቆም ድምፁ የሚጠፋበት ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በገርጂም ሆነ በኮልፌ፣ በጎፋም ሆነ በሲኤምሲ ብትዞሩ የግል ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ታጣላችሁ ማለት ዘበት ነው። ሁሉም ጥራት ያለው ትምህርት፣ ልምድ ያላቸው መምህራንና ምቹ ግቢ እንዳላቸው ይናገራሉ። ዝምተኛ ልጅ በዚያ ግቢ ውስጥ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ግን ማስታወቂያው አይነግራችሁም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ቀን መድቡና አብረን እንዙር።

አስቀድሞ ስለ ጊዜው እንነጋገር። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ፍለጋ የምንነሣው በነሐሴ ነው። በነሐሴ የምታዩት ግን ባዶ ክፍልና አዲስ ቀለም ነው። ቢቻላችሁ ልጆች በግቢው እያሉ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ሂዱ። ዛሬ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ልጃችሁ ስድስት ዓመት የሚያሳልፍበትን ቦታ ሰው ሳይኖርበት አይቶ መወሰን አይገባም።

ጠዋት፣ በሩ ላይ

ከመግባታችሁ በፊት ከመንገዱ ማዶ ቆም በሉ። የሰርቪስ መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እጅ ይዘው አስፋልት ያሻግራሉ። እናንተ ልጆቹን የሚቀበላቸው ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። የጥበቃ ሠራተኛው ወይም በሩ ላይ የቆመችው መምህርት በስማቸው ይጠሯቸዋል? ጌታ ኢየሱስ ስለ መልካም እረኛ ሲያስተምር በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ ተናግሯል (ዮሐ. 10፥3)። በር ላይ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ፣ ለዓይን አፋር ልጅ የቀኑ ሸክም ግማሹ ቀለለ ማለት ነው።

ያረፈደ ልጅ ምን እንደሚደረግም እዩ። አርፋጆችን በሰልፉ ፊት አቁሞ በማይክሮፎን መገሠጽ የተለመደ ከሆነ፣ ደፋሩ ልጅ ስቆ ያልፈዋል፤ ዝምተኛው ግን በማግስቱ “ሆዴን አመመኝ” ብሎ ከአልጋው አልነሣም ይላል። አርጩሜ ካያችሁማ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

እረፍት ሲደወል፣ በግቢው

ከምታዩዋቸው ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ቀድሞ መኖሪያ ቤት የነበሩ ናቸው። ሳሎኑ ክፍል ሆኗል፤ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፤ በአጥሩ ላይ ፊደልና እንስሳት ተሥለዋል፤ መሬት ውስጥ ግማሽ ድረስ የተቀበሩ ባለ ቀለም ጎማዎች የልጆች መጫወቻ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ባለ ፎቅ፣ ሰፊ ሜዳና ቤተ ሙከራ ያላቸው ናቸው። “ለዝምተኛ ልጅ ትንሹ ይሻላል” ብላችሁ አትቸኩሉ። በጠባቡ ግቢ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ነገር ግን ጩኸት ሲሰለቸው ዞር የሚልበት ጥግ ላይኖር ይችላል። በሰፊው ግቢ ዛፍ ሥር መቀመጫና ለሥዕል ለሚወድድ ልጅ ክበብ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ከብዙ መቶ ልጆች መካከል ማንም ሳያየው ሊውል ይችላል።

ስለዚህ ዓይናችሁን ከሕንፃው አንሡና ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን የቆመውን ልጅ ፈልጉ። በየትኛውም ግቢ አንድ አታጡም። አምስት ደቂቃ ተመልከቱት። ወደ እርሱ የሚመጣ መምህር አለ? ጓደኛ ይጠራዋል? የእናንተም ልጅ በመስከረም እዚያው ቦታ ሊቆም ይችላልና፣ መልሳችሁን ከዚያ ታገኛላችሁ።

መጸዳጃ ቤቱንም ሳታዩ እንዳትወጡ። በሩ ይዘጋል? ውኃ አለ? ዓይን አፋር ልጅ ለማስፈቀድ ስለሚያፍር፣ በሩ የማይዘጋ መጸዳጃም ስለሚያሳቅቀው፣ ሽንቱን ይዞ ውሎ ቤት ሲደርስ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

በክፍል ውስጥ

ፈቃድ ጠይቃችሁ ለአሥር ደቂቃ ከኋላ ተቀመጡ፤ ካልተቻለም በመስኮት ተመልከቱ። ዴስኮቹን ቁጠሩ። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ያቺን ጊዜ ደግሞ እጃቸውን የሚያወጡት ይወስዷታል። ዝምተኛው አይረብሽምና ማንም አይቆጣውም፤ ካርዱ ላይም ጠባዩ “ኤ” ተብሎ ይሞላል። ወላጅ ተደስቶ ካርዱን ይፈርማል። ልጁ ግን ያልገባውን ሳይጠይቅ ወደ ሚቀጥለው ክፍል አልፏል። ውድ ወላጆች፣ “ጨዋ ልጅ ነው” የሚለው ምስጋና ልጁ የተረሳበት መጋረጃ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

መምህርቷ መልስ የዘገየበትን ልጅ ትጠብቀዋለች ወይስ ወደ ሌላው ታልፋለች? ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጋገሩበት ጊዜ አለ? ሙሴ አፉ እንደማይፈታለት ለእግዚአብሔር በተናገረ ጊዜ፣ ወንድሙ አሮን አጠገቡ እንዲቆም ተደረገለት (ዘጸ. 4፥10-16)። ለብዙ ዝምተኛ ልጅም የመጀመሪያው መድኃኒት አጠገቡ የተቀመጠ አንድ አሮን ነው።

ቋንቋውንም ጠይቁ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እንግሊዝኛ መማሩ መልካም ነው። በግቢው አማርኛ መናገር የሚያስቀጣ ከሆነ ግን፣ በገዛ ቋንቋው መናገር የሚፈራ ልጅ ሁለተኛ ቁልፍ ተቆለፈበት ማለት ነው።

በቢሮው

ርእሰ መምህሩ ፊት ስትቀመጡ ልጃችሁ ዓይን አፋር መሆኑን በግልጽ ተናገሩ፤ መልሱንም በጥሞና ስሙ። “አይዟችሁ፣ በአንድ ወር ውስጥ ለፍላፊ እናደርገዋለን” የሚል ትምህርት ቤት ልጃችሁን ገና አላወቀውም። “መጀመሪያ ምን እንደሚወድ ንገሩን” የሚለው ይሻላል። የመግቢያ ፈተና ካለ፣ ልጁ በማያውቀው ሰው ፊት ዝም ቢል አላወቀም እንዳይባል፣ እናቱ አጠገቡ እንድትሆን ወይም ሁለተኛ ቀን እንዲሰጠው ጠይቁ። መምህራን በዓመት መካከል ይቀያየራሉ ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አንዲትን መምህርት ለመልመድ ወራት ይፈጅበታልና።

ገንዘቡን ስታሰሉ ወርኃዊውን ክፍያ ብቻ አትመልከቱ። መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርምና ሰርቪስ ተደምሮ ቤታችሁን በየወሩ የሚያጨቃጭቅ ከሆነ፣ የጭቅጭቁን ድምፅ ከሁሉ በፊት የሚሰማው ያው ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰርቪሱም ሌላ ጉዳይ ነው፤ መምህር የሌለበት ክፍል ማለት ነውና ትልልቆቹ ልጆች የሚያሾፉት እዚያ ነው። በእግር የሚደረስ መካከለኛ ትምህርት ቤት፣ ከከተማው ማዶ ካለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ለልጃችሁ ሊሻል ይችላል።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት አማኝ መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ልጅን በጌታ ምክር ማሳደግ የተሰጠው ለወላጆች ነው (ኤፌ. 6፥4)፤ ከክፍያው ጋር ለትምህርት ቤት የምናስረክበው ኃላፊነት አይደለም።

ወደ ቤት ስትመለሱ

ምናልባት አባት “ተዪው፣ ወንድ ልጅ እየተገፋ ይለምዳል” ይል ይሆናል፤ እናት ደግሞ ከጎኗ ልታጣው አትፈልግም። ሁለታችሁም ስለምትወዱት ነውና አትወቃቀሱ። ያያችሁትን ነገር አውርታችሁ፣ ከሁለቱ የተሻሉ ትምህርት ቤቶች ልጁን ወስዳችሁ አሳዩትና የእርሱንም ፊት አንብቡ። ቤት ውስጥ እየተጫወተ ከመጀመሪያው ወር በኋላም በትምህርት ቤት አንዲት ቃል የማይናገር ከሆነ ግን፣ “ያድግበታል” ብላችሁ አትተዉት፤ ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ፣ የሕፃናት ሐኪምም አማክሩ።

ዝምታ ኃጢአት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብን ጭምት ይለዋል (ዘፍ. 25፥27)። ይህ ጭምት ሰው አባት ከሆነ በኋላ ወንድሙ ዔሳው አብረን እንሂድ ባለው ጊዜ፣ ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን ነግሮት፣ ቀድሞ እንዲሄድ ለምኖ፣ እርሱ በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ተጓዘ (ዘፍ. 33፥13-14)። ዔሳው ከ400 ሰዎች ጋር ነበር፤ ያዕቆብ ግን ከእነርሱ ጋር ለመወዳደር ልጆቹን አላስቸኮለም። እናንተም የጎረቤት ልጅ የገባበትን ሳይሆን፣ ልጃችሁ በራሱ እርምጃ የሚሄድበትን ግቢ ምረጡለት። እግዚአብሔር ማስተዋልንና አንድ ልብን ይስጣችሁ።