የእናቴ ድምፅ ያለበት ሣጥን

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደ አገራችን የሚያመራውን አውራ ጎዳና ይዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ፔካ 12 ይደርሳል። ስሙም ፈረንሳዮች በመንገዱ ርቀት ላይ ያኖሩት ቁጥር ነው። በስፍራው የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ተራቸውን እየጠበቁ ይሰለፋሉ፤ ሾፌሮቹም በተሳቢያቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ያርፋሉ። እኔም ከሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ በዚሁ ስፍራ የመኪናዎችን መግቢያና መውጫ በኮምፒዩተር ስመዘግብ ጥቂት ዓመታት አሳልፌአለሁ። ዛሬ ለቤተሰብ ዓምድ አንባብያን የማወጋው ስለዚያ ኮምፒዩተር ነው።

እናቴ ድሬዳዋ በባለቤቴ እጅ ስትጦር ኖራ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ዐረፈች። ለቀብሯ አልደረስሁም። ከማረፏ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ግን ባለቤቴ የእናቴን ምርቃት በስልክ ቀድታ ልካልኝ ነበር። ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ በመካከሉ ሳል አለበት፣ የጎረቤት አውራ ዶሮም ይጮኽበታል። ያንን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጥሁት። ከዚያ ወዲህ የባለቤቴ ስልክ ገበያ ላይ ተሰረቀ፤ የእኔም ውሃ ገባበት። እንግዲህ የእናቴ ድምፅ በዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ቀርቶ ኖሯል፤ እኔም ይህን የተረዳሁት ሣጥኑ የሞተ ዕለት ነው።

ዕለቱ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሲሆን ካምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋውን እያነሣ የሚነፍስበት ወቅት ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ለባለቤቴ ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። የእናቴ ሙት ዓመት ተቃርቦ ነበርና መምጣት እንደማልችል የማስረዳበት ደብዳቤ ስለሆነ ቃላቱን እየመረጥሁ አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ። በድንገት ከሣጥኑ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና መስኮቱ ጨለመ። ደጋግሜ ብነካካውም አልነሣ አለ።

በማግሥቱ አንድ ወጣት የኮምፒዩተር ጠጋኝ አስጠራሁ። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ከእኛው ሾፌሮች በመሆኑ ንግግሩ በመንገድ ቋንቋ የተሞላ ነው። በመጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ፤ ከዚያም የጎኑን ክዳን ፈትቶ አነሣ። ውስጡን ሳይ አፈርሁ። አቧራው እንደ ጥጥ ተባዝቶ ማራገቢያዎቹን ሁሉ ሸፍኗቸዋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ታፍኖ ነው የሞተው» አለኝ።

አስቀድሞ ያመለከተኝ ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የብረት ሣጥን ነው። ይኸውም ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ ካደረገ በኋላ ለየክፍሉ ያድላል። (አገራችን በመስመር ለጅቡቲ ኃይል ስለምትሸጥ፣ በፔካ 12 ያንን ሣጥን ያንቀሳቅስ የነበረው ኃይል የገዛ ወንዞቻችን ይሆናል እያልሁ እጽናና ነበር።) በውስጡ እንደ ትናንሽ በርሜል የቆሙ ካፓሲተሮች አሉ፤ የእኔዎቹ በሙቀት ብዛት አብጠው ኖሯል። ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን እነዚህ ያጠራቀሙት ኤሌክትሪክ ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያንን የብረት ሣጥን ማንም በቤቱ እንዳይከፍተው ጠጋኙ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። እርሱም አልከፈተውም፤ በሌላ ተካው እንጂ።

ቀጥሎ ያሳየኝ ፕሮሰሰሩን ነው። ብዙዎች «የኮምፒዩተር አንጎል» ይሉታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንጎል ያስባል፤ ፕሮሰሰር ግን የታዘዘውን ብቻ ያለ ጥያቄ የሚፈጽም ነው። ሁለት ቁጥር ደምር ሲሉት ይደምራል፣ አወዳድር ሲሉት ያወዳድራል፤ ድንቁ ነገር ፍጥነቱ ነው። የእኔው ዓይነት ተራ ኮምፒዩተር እንኳ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል። ከዚህ ሁሉ ሩጫ የሚወጣው ሙቀት በላዩ ወደ ተጫነው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ያልፋል፤ ማራገቢያውም ሙቀቱን ከብረቱ ጠርጎ ለአየሩ ያስረክባል። ማራገቢያ ብርድ አይፈጥርም። የክፍሉ አየር 42 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ከ42 በታች ሊያወርደው ከቶ አይችልም፤ በፔካ 12 ደግሞ በበጋው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመርበት ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዚህን ጊዜ መሣሪያው ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሁለት ጊዜ ያህል በራሱ መጥፋቱን አስታወስሁ። የድረሱልኝ ጥሪ ኖሯል፤ የመገናኛ ሰው ሆኜ አልሰማሁትም።

እኅቶቼ አይቀየሙኝና፣ በየቤቱ በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን ላይ የምናለብሰው ዳንቴል መሣሪያው በሚሠራበት ሰዓት ቢነሣ መልካም ነው። የእኔንም ሣጥን የሸፈነው ባለቤቴ ሠርታ የላከችልኝ ዳንቴል ነበር። ይህን ለእርሷ አልነገርኋትም፤ እዚህ ታነበዋለች።

ፓወር ሰፕላዩ ቢለወጥም ሣጥኑ ጮኸ እንጂ አልተነሣም። ወጣቱ ራም የሚባሉትን ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ነቅሎ፣ በባሕሩ ጨዋማ አየር የደበዘዘውን ወርቃማ ጫፋቸውን በእርሳስ ላጲስ ጠረገና መልሶ ሰካቸው።

«የጻፍሁት ደብዳቤስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አስቀምጠኸዋል? ሴቭ አድርገሃል?»

አላደረግሁም ነበር።

የምንጽፈው ሁሉ በቅድሚያ የሚያርፈው በራም ላይ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በውስጥ ቁጥር ነው፤ «ሀ» ለምሳሌ 4608 ሲሆን፣ መሣሪያው ይህንን በ1 እና በ0 ብቻ 1001000000000 ብሎ ይይዘዋል። 1 ማለት ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ያለባት ጉድጓድ፣ 0 ማለት ባዶ ጉድጓድ እንደማለት ነው። ጉድጓዶቹ ስለሚያፈስሱ በአንድ ሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ እየታዩ ይታደሳሉ፤ ኃይል ሲቋረጥ የሚያድሳቸው የለምና ሁሉም ይደርቃሉ። የሁለት ሰዓት ደብዳቤዬ የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

የእናቴ ድምፅ ግን በሃርድ ዲስኩ ላይ ነበር። በዚያ ውስጥ እንደ መስተዋት የጠሩ ክብ ሰሌዳዎች በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ 1 እና 0ም በማግኔት ይቀረጹባቸዋል፤ የማግኔቱም ቅርጽ ኃይል ቢጠፋም አይጠፋም። የሚያነብበው መርፌ መሳይ ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በሚያንስ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት በመካከሉ ብትገባ ሰሌዳውን ትፍቀዋለች፤ ስለዚህ ሣጥኑ ታሽጎ የተሠራ ነው። ወጣቱም ይህን ክፍል ከነእሽጉ አውጥቶ ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር በገመድ አገናኘውና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ከሄደ ይሄዳል፤ ከተንኳኳ ግን ከባድ ነው» አለ።

እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። በመገናኛ ክፍል ሳለሁ በሌሊት ከሩቅ ጣቢያ ጥሪ ስጠብቅ እንደዚያ አዳምጥ ነበር። ቀስ ብሎ የመዞር ድምፅ ተሰማ፤ ማንኳኳት አልነበረውም። ዝርዝሩ በመስኮቱ ላይ ወጣ። ወጣቱ ፋይሉን ሲከፍተው በመጀመሪያ የተሰማው ሳሉ ነው፤ አውራ ዶሮውም ጮኸ። ወጣቱ የምትለውን ሁሉ ይረዳ አይረዳ አላውቅም፤ ብቻ እስኪያበቃ ድረስ እጁን ከመሣሪያው ላይ አንሥቶ ቆመ።

ድምፁን በሁለት ፍላሽ ገለበጥንው። ማታ ለባለቤቴ ደብዳቤውን እንደገና ልጽፍ ተቀመጥሁ፤ ከመጀመሪያው ግን አንድ ቃል እንኳ አልደገምሁም። በነሐሴ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቄ በአንድ ባለ ተሳቢ መኪና ጋቢና በደወሌ በኩል ለሙት ዓመቱ ድሬዳዋ ስገባ፣ አንደኛው ፍላሽ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ሆኖ በደረት ኪሴ ነበር።