አዱሊስ፦ የበረሃዋ የንግድ ከተማ



ከክፍለ ከተማችን ከለቡ የባቡር ጣቢያ ተነስቶ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል። መንገዱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መስመር የደጋው ቡና ወደ ባሕር ይወርዳል፤ የባሕር ማዶውም ዕቃ ወደ ደጋ ይወጣል። ይህ ንግድ ታዲያ የዛሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ አብረን የምናነበው ስለ አንዲት ጥንታዊ ወደብ ነው። ስሟ አዱሊስ ይባላል።

አዱሊስ የነበረችው በቀይ ባሕር አጠገብ፣ በሞቃት በረሃ ላይ ነው። ቦታው ዛሬ በኤርትራ፣ ከምፅዋ በስተደቡብ፣ በዙላ መንደር አጠገብ ይገኛል። ያን ጊዜ የአክሱም መንግሥት ዋና ወደብ ነበረች።

የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ አንድ ሰው ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክ ቋንቋ ጽፏል። ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ ነው ይላል። ከደጋ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይወርዳል። በመርከብ ደግሞ ጨርቅ፣ ብረትና ብርጭቆ ይመጣል። እንግዲህ ከተማዋን በበረሃ ያኖራት እርሻ ሳይሆን ንግድ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ገባ። በከተማዋ መግቢያ ጽሑፍ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ዙፋን ቆሞ ነበር። ጽሑፉ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን አገሮች ይዘረዝራል። ካሌብ ጽሑፉ እንዲገለበጥለት አዘዘ። ኮስማስም ገለበጠው፤ ለራሱም አንድ ቅጂ አስቀረ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ570 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የፋርስ ጦር የመንን ያዘ። በ7ኛው መቶ ዓመት የባሕሩ ንግድ ወደ ሌላ እጅ ዞረ። አክሱምም ደከመች። መርከቡ ሲቀር ነጋዴው ቀረ፤ ነጋዴው ሲቀር ከተማዋ ባዶዋን ቀረች። ፍርስራሿን አፈርና አሸዋ ሸፈነው። በ1906 እና በ1907፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች ቆፍረው የአብያተ ክርስቲያናት መሠረትና የአክሱም ሳንቲም አወጡ።

ዙፋኑ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቃሉን የምናውቀው ኮስማስ ስለጻፈው ብቻ ነው። በቅጂው ላይ የንጉሡ ስም የለም። ስለዚህ ያ ሁሉ አገር የገበረለት ንጉሥ ማን እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ የለም።

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ለዚህ ሳምንት የምንሰጣችሁ ሥራ ይኸው ነው። ላፍቶን፣ ለቡን፣ ጎፋን ዱሮ የሚያውቁ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉ። የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑንም መጻፍ አትርሱ።