አሮጌዋ ጀልባ

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በክረምት ጣና ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ፊደል እናስተምር ነበር። መንደሯ አንዲት አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ነበረቻት። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ገበያ የሚሻገሩት በእሷ ነው። የታመመ ሰውም ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በእሷ ነው።

አንድ ቀን ጀልባዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጨች። ሆዷ አንድ ስንዝር ያህል ተሰነጠቀ።

ፋይበር ግላስ ምንድን ነው? ከቀጭን የመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሬዚን በሚባል ሙጫ ይነከራል። ሙጫው ሲደርቅ ጨርቁ ይጠነክራል። እንደ ደንገል ታንኳ አይበሰብስም። ሲሰነጠቅ ግን ውሃ ያስገባል።

እኛም "ይህማ ቀላል ነው፤ እኛ እንጠግናታለን" አልን። በማግስቱ ጀልባዋ ሳትደርቅ፣ አሮጌው ቀለምም ሳይፋቅ ጨርቅ ለጠፍንባት። ሬዚን እርጥብ ነገር ላይ አይጣበቅም። በ3ኛው ቀን ልጣፊው ተላቀቀ። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ገባ። ጀልባዋ ከዳር ስላልራቀች ሰው አልተጎዳም። ግን ሁለት ሕፃናት ተሳፍረው ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

እንደገና ጀመርን። ዝናብ ስለነበር ጀልባዋን ዳስ ውስጥ ገልብጠን አንድ ሳምንት አደረቅናት። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ማስክ አደረግን፤ ጓንትም አጠለቅን። የስንጥቁን ዙሪያ ሰፋ አድርገን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን።

ሬዚን እንዲደርቅ ማጠንከሪያ ይጨመርበታል። የገዛነው ጣሳ ላይ የተጻፈውን በአማርኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። "ለ100 እጅ ሬዚን 2 እጅ ማጠንከሪያ" ይላል። ከዚያ በዓይናችን ገምተን ማፍሰስ ጀመርን።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ እናት "ቆይ ልጆቼ!" አሉን። "ሰሌዳው ላይ የጻፋችሁት 2 ነው። የምታፈሱት ግን ብዙ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። የምንበጠብጥበት ጣሳ በእጃችን ላይ ጋለ። ጨሰ። ሬዚኑ ጨርቁን ሳይነካ ደረቀ። አፈርን።

አዲስ ሬዚን 500 ሚሊ ሊትር ለካን። "ማጠንከሪያው ስንት ይሁን?" ብለን ጠየቅናቸው። እኚያ እናት በጠመኔ አሰሉና "10" አሉ። በስሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ለክተን ጨመርን። ጨርቁን 3 ጊዜ ደራርበን ለጠፍን። የአየር አረፋ እንዳይቀር በብሩሽ ጫን ጫን አደረግን። በደንብ ሲደርቅ ፈግፍገን አለሰለስነው። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባናት።

ሰው ከመሳፈሩ በፊት የአሸዋ ጆንያ ጭነን ሐይቁ ዳር አሳደርናት። ጠዋት ውስጧን ዳበስን። ደረቅ ነበር።

በመጨረሻ እኚያ እናት ብሩሹን ተቀበሉን። ከጀልባዋ ጎን "ከ8 ሰው በላይ አይጫንም" ብለው ጻፉ። ፊደሉ ትንሽ ይንጋደዳል። ግን ይነበባል።

በገበያ ቀን ባለጀልባው 9ኛ ሰው ሊጨምር አለ። ተሳፋሪዎቹ ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡለት። 9ኛው ሰው ከእኛ አንዱ ነበር። ወርዶ ተራውን ጠበቀ።