ስለ አንዲት የእሳት እራት

በመብራት ዙሪያ ስትዞር ተቃጥላ የምትወድቀውን ትንሽ ፍጥረት አባቶቻችን «የእሳት እራት» ብለው ሰየሟት። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚነግረን አሟሟቷን እንጂ አኗኗሯን አይደለም። ወጣቱ አንባቢ ሆይ፥ ከመብራት ርቃ ስትኖር ምን እንደምትሠራ ጠይቀህ ታውቃለህን?

እኔ ይህን መጠየቅ የጀመርሁት ለትምህርት በእንግሊዝ አገር ሳለሁ፥ ኖርፎክ በሚባለው ግዛት ነው። የዚያ አገር ሰፋፊ ኩሬዎች በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ለማገዶ የሚሆን አፈር ቆፍረው ባወጡበት ጉድጓድ ውሃ ገብቶ የተፈጠሩ ናቸው። ዳር ዳሩን ሸምበቆና እርጥበት የሚወድ ዛፍ ከቦታል። በዚያ አንዲት ብርቅ የእሳት እራት ትኖራለች። ክንፏ ሲዘረጋ 25 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ መልኳ አመድማ፥ በፊተኞቹ ክንፎቿ በእያንዳንዳቸው ላይ ስድስት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ። እንግሊዞች ክንፏን ሰብስባ ስታርፍ ካባ ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመ የቤት አሽከር መስላ ስለ ታየቻቸው «ባለነጥቡ አሽከር» ይሏታል። በ1766 የሳይንስ ስም ያወጣላት ሊቅ ግን ነጥቦቹን አይቶ በላቲን «የአይጥ ኩስ» አላት። ሊቅም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይጨክናል።

ወደ መብራት የምትመጣው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። የቀረውን ዘመኗን አብዛኛውን፥ ክረምቱን ጭምር፥ ትል ሆና በረግረጉ ትኖራለች፤ ምግቧም በእርጥብ ቅርፊት ላይ የሚበቅለው አልጌና የዛፍ ሽበት ነው።

አንድ ሌሊት ነጭ አንሶላ ዘርግተን መብራት አበራን። አንዲት ያረጀች መጣች፤ የክንፏ ዱቄት ረግፎ ነጥቦቿ አይቆጠሩም። አብሮን የነበረ ጐበዝ «እርሷ ናት፥ ይጻፍ!» አለ። መዝገብ የያዙት ሽማግሌ በብርጭቆ አድርገው ደጋግመው አዩአት። በ1961 በዚያው ረግረግ የቅርብ ዘመዷ ተገኝታለች፤ እርሷም ነጥብ አላት፤ ክንፏ ግን አጠርና ክብ ያለ ነው። «ልጄ፥ ያየነውን እንጽፋለን፤ የመሰለንን አንጽፍም» አሉት።

ጐበዙ አኰረፈ። እኔ ግን ለሽማግሌው ፈረድሁ፤ የትኛው ረግረግ ይጠበቅ፥ የትኛው ሸምበቆ ይታጨድ የሚባለው እንዲህ ያለው መዝገብ እየታየ ነውና።

በመዝገቡ ላይ «አመድማ፥ ያረጀች፥ ነጥቧ የማይለይ» ብለው የስሙን ቦታ ባዶ ተዉት። መብራቱን አጥፍተው ብርጭቆውን ከፈቱ። ጥቂት ጊዜ አፉ ላይ ቆየችና ወደ ሸምበቆው ሄደች።